ዝም ያለው ቧንቧ

ብቻውን ለሚኖር ሰው ትርፍ ሰዓትና ቁራጭ ቧንቧ በአንድ ላይ አትስጡት። ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ባለትዳር ከሥራ ሲመለስ የሚያወራው ሰው አለው፤ የሚያወራው ቢያጣ እንኳ የሚጣላው አለው። ብቸኛ ሰው ግን እጁ የገባውን ነገር ሁሉ ካልፈታሁት፣ ካልቀጠልኩት፣ ካልበሳሁት ይላል። አብሮኝ ያስተምር የነበረ የሂሳብ መምህር፣ እሱም እንደኔ ብቸኛ፣ አንዲት ሬዲዮ ሰባት ጊዜ ፈታትቶ ገጣጠመና በስምንተኛው አምስት ዕቃ ተረፈው። ሬዲዮዋ ግን ትሠራ ነበር፤ ከበፊቱም ትሻላለች ይላል፣ እኔ እንጃለት። እኔ ደግሞ ቆቦ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ለአንድ ጀሪካን ውሃ ቦኖ ላይ በሚሰለፍበት አገር፣ ከአልጋዬ አጠገብ የዓሣ ገንዳ ሠራሁ። አዎ፣ የዓሣ። ሳቁ፤ ያኔም ያልሳቀ የለም።

ጊዜው የደርግ ነው። ኮሌጅ ጨርሰን ዕጣ ስናወጣ ቆቦ ደረሰኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ከእናቴ ደጃፍ ሐይቁ ይታያል። ቆቦ ከአውቶብስ ስወርድ የተቀበለኝ አቧራና ሙቀት ነበር። ሕዝቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የራያ ሰው እንግዳ ይወዳል። ግን ያን ጊዜ ማን ከማን ቤት ገባ፣ ምን ተባባሉ የሚል ዓይን በየአጥሩ ስለነበረ ሰው ያለ ጉዳይ ሰው ቤት አይገባም። ከሌላ አገር የመጣ መምህር ቤትማ ጭራሽ። ከክፍል ወጥቼ በሬን ከዘጋሁ እስከ ማግስቱ ጠዋት የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር። አንድ ሰሞን ጫማዬን «ደህና ዋልክ?» ስለው ራሴን ያዝኩት። ግራውን ነው፤ ለምን ግራውን እንደመረጥኩ አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር ቤቷ ናት። የምኖርባትን ክፍል የሠሯት ጎረቤቴ አያ ይመር ናቸው። ለልጃቸው መዳሪያ ብለው ከቤታቸው ጋር አያይዘው ሠሯት፤ ልጁ ግን ወደ ጅቡቲ እንደተሻገረ ቀረ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ባዶዋ ክፍል የቀበሌ ሆነች፤ ቀበሌው ለእኔ ሰጠኝ። እኔና አያ ይመርን የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በአጥር ላይ እጃቸውን ያነሱልኛል፣ እኔም አነሳለሁ። አንድ ዓመት ሊሞላኝ እግራቸው የኔን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። አልፈረድኩባቸውም፤ የኔ ቤት የተወረሰ ቢሆን እኔ እጄንም አላነሳም።

እንግዲህ አንድ ቀን ወደ ከተማው በያጅ ሄጄ፣ «የመስታወት ሣጥን ሥራልኝ» አልኩት። ከራሴ እስከ ጫማዬ አየኝ።

«ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ለዓሣ ነው።»

«ለሞተ ዓሣ?»

«ሊኖርበት ነው እንጂ!»

«እህ» አለና፣ «መንግሥት የላከው መምህር ነው፣ ያውቃል» ብሎ ለራሱ አጉረምርሞ መለካት ጀመረ። አጽሙን ከብረት አበጀው፣ ፊቱንና ጎኖቹን በመስኮት መስታወት ሞላው፣ በየመጋጠሚያው ስቱኮና ሬንጅ ለቀለቀበት። ለጀርባው መስታወት አለቀበትና ላሜራ በየደበት። ገንዳው ከፊት ሲያዩት ሱቅ ይመስላል፣ ከኋላ የከባድ መኪና በር። እኔ ግን ሲያልቅ ተነስቼ ዞርኩት፤ እንደገና ዞርኩት። ከዚያ በፊት በሕይወቴ የራሴ የሆነ ዕቃ ሻንጣዬ ብቻ ነበር።

እሑድ ጎሊና ወንዝ ወረድኩ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ በወንፊት ስዳክር ቆይቼ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ዓሦች ያዝኩ። ወዲያ ማዶ ግመል የሚያጠጡ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያዩኝ ነበርና አንደኛው በአዘኔታ «ረሃብ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ምን እንደሆነ ግን ልነግረው አልቻልኩም።

በአራተኛው ቀን ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ዓሦቹ ተሰልፈው አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ምክንያቱ አይጠፋኝም። የቆመ ውሃ አየር ያልቅበታል። ስለዚህ ውሃው መግባትና መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ነው ቁራጭ ቧንቧ በእጄ የገባው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከገንዳው ከፍ አድርጌ በእንጨት ቆጥ ላይ በርሜል አስቀመጥኩ። ከበርሜሉ ቀጭን ውሃ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ገንዳው ሲሞላ ትርፉ ውሃ፣ በያጁ ላሜራውን በስቶ ባስገባት አንዲት ቧንቧ በኩል ወጥቶ መሬት ላይ ወዳለ ሌላ በርሜል ይገባል። የታችኛውን ውሃ ወደ ላይኛው የሚመልስ ፓምፕ አለ። ፓምፑ እኔ ነኝ፤ በባልዲ።

ሠራ። ዓሦቹ አፋቸውን ዘጉ፣ ውሃው ጠራ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ድምፁ። ጥቂት ውሃ በሰፊ ቧንቧ ሲወርድ አየር አብሮ ይስባል። መጀመሪያ «ፊሽሽ» ይላል፤ ቀጥሎ «ጉርርር»። ከዚያ ዝም ይልና፣ ተገላገልኩ ስትሉ፣ «ቅልጭልጭ... ህእእፕ!» ብሎ ታንቆ የተለቀቀ ሰው ትንፋሽ ያወጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን አላስጠላኝም። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር በመኖሩ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ተደበደበ። ቀጥሎ በሩ። ስከፍት አያ ይመር፣ ሽርጣቸውን ታጥቀው በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«መምህር!»

«አቤት አያ።»

«ማንን እያነቅህ ነው?»

«ኧረ ማንንም! ውሃ ነው።»

«ወላሂ ውሃ እንዲህ አይልም። ዕድሜዬን ከውሃ ጋር ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ውሃ ሰምቼ አላውቅም።»

«ይግቡና ይዩት።»

የበሩን ደፍ አዩት። አልገቡም። ከውጭ እንደቆሙ አንገታቸውን ብቻ አስገቡ፤ ገንዳውን አዩ፣ በርሜሎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አጃኢብ! ዓሣ ነው?»

«ዓሣ ነው።»

«ትበላቸዋለህ?»

«አልበላቸውም።»

«ታዲያ ምን ይሠሩልሃል?»

ዓሦቹን አየሁ። «ያዩኛል» አልኩ በመጨረሻ።

አያ ይመር አንገታቸውን ከበሩ አወጡ። «ከአስር ሰላት በፊት ጋደም እላለሁ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እባክህ ዝም አስብለው።» ብለው ሄዱ።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን። ደጃፌ ላይ ቆመው ይቆጡኛል፤ ተቆጥተው ሲጨርሱ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ስለ ዝናቡ ሲጨርሱ ዋጃ ከተማ ስላገባችው ልጃቸው ያነሳሉ። ከዚያ ድንገት የመጡበት ትዝ ይላቸውና «በል ይሄን ነገርህን ዝም አስብለው!» ብለው ይሄዳሉ። እኔም ሰዓታቸው ሲደርስ ቤቴን መጥረግ ጀመርኩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ቤት የጠረግሁበት ዘመን ያ ብቻ ነው። ሁለተኛ ብርጭቆም ገዛሁ፤ አያ ይመር ደፉን ስለማያልፉ ግን አንድም ቀን ሻይ አልጠጡበትም።

እንግዲህ ሰውዬው ለመኑኝ፣ ዝም ማሰኘት አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ቧንቧውን በጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሆነ እንጂ አልጠፋም። ቀጥሎ ጠጠር ጨመርኩበት፤ ሙዚቃ መታ። በመጨረሻ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ አንዱን የስፖርት ካልሲዬን ጠቅልዬ ቧንቧው አፍ ውስጥ ወተፍኩት። ድምፁ ጥፍት! ውሃው በካልሲው ውስጥ እየተጣራ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በራሴ ኮራሁ፤ ይህን ነገር ማንም አላሰበውም ብዬ። እውነትም ማንም አላሰበውም።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት የውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት አይቻልም። በርሜሌን እንደከፈትኩ ሄድኩ። የዕለቱ ርዕስ «ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ስለማዋል» ነበር። እጄን አውጥቼም ተናግሬያለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል።

ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ውሃ በበሬ ሥር ወጥቶ ጓሮውን አቋርጦ መንገድ ሊገባ ነው። ካልሲው ቀን ሙሉ የዓሦቹን ኩስ ሲያጠራቅም ውሎ ድፍን ብሏል። ገንዳው ሞልቶ ገንፍሏል፤ ሻንጣዬ ይዋኛል፤ የትምህርት ማስታወሻዬ ሊጥ ሆኗል። ዓሦቹ ገንዳው አፍ ድረስ ወጥተው አገሩን ይቃኛሉ። ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። ጭንቁ ግድግዳው ነው። ውሃው በግድግዳው ሥር አልፎ አያ ይመር ቤት ገብቷል፤ እሳቸው ደግሞ የዓመት ማሽላቸውን በጆንያ አድርገው ያቆሙት በዚያው ግድግዳ ሥር ነው። አራት ጆንያ። ስደርስ ሽማግሌው ብቻቸውን፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ረጥበው፣ አንዱን ጆንያ ታቅፈው ይጎትታሉ። ሮጬ ያዝኩላቸው። አዩኝና ምንም አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበርም መጣ።

«ጓድ መምህር! ሰፊው ሕዝብ ቦኖ ላይ ተሰልፎ አንተ ቤትህ ውስጥ ባሕር ከፈትክ?»

«ባሕር አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፣ ገንዳ ነው።»

«ገንዳ ከብት ይጠጣበታል። ካንተ ማን ይጠጣል?»

«ማንም አይጠጣም።»

«እንግዲያው ባሕር ነው» አለ። «እስከ ቅዳሜ ወይ እሱ ይወጣል ወይ አንተ ትወጣለህ። ከቤት፤ ከገንዳው ማለቴ አይደለም።»

ያን ቀን ሳስበው፣ ቤቱ እንኳ ግድ አልሰጠኝም። ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ አልጋ ዘርግቼ መተኛት አያቅተኝም። የቆጨኝ ሌላ ነው። ከዓመት በኋላ አንድ ሰው በሬን ማንኳኳት ጀምሮ ነበር፤ እሱንም በካልሲ አባረርኩት።

በማግስቱ ከክፍል እንደወጣሁ ወደ አያ ይመር ግቢ ሄድኩ። የይቅርታ ቃሌን በመንገድ ሳጠናው ነበር፤ ስደርስ ጠፋኝ። የረጠበውን ማሽላ ሰሌን ላይ አስጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል። እኔም ዝም ብዬ በሌላው ጎን ተቀመጥኩና ዶሮ ማባረር ጀመርኩ። እሳቸው ከወዲያ «እሽ!» ይላሉ፣ እኔ ከወዲህ «እሽ!» እላለሁ። ለረጅም ጊዜ የተነጋገርነው ይኼንኑ ነው።

«የውሃው መውጫ ስንት ነው?» አሉ ድንገት።

«አንድ።»

«አንድ?» ወደኔ ዞሩ። «አንድ መውጫ አበጅተህ፣ እሱኑ ወተፍከው?»

«ድምፁ እንዳይረብሽዎ ብዬ ነው።»

«በምን ወተፍከው?»

«በካልሲ።»

አያ ይመር ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። ዶሮዎቹ ይህን ጊዜ ጥሩ አድርገው በሉ።

ለካ ሽማግሌው ገጠር በነበሩ ጊዜ የውሃ አባት ነበሩ። የራያ ቆላ በራሱ ዝናብ ብቻ አይኖርም። ደጋው ላይ ዘንቦ የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል። ጎርፉ ለማን ይድረስ፣ መቼ ይቆረጥ፣ ማን ወጥቶ ይሥራ ብሎ የሚያዘው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። አያ ይመር በበትራቸው መሬቱን መጫር ጀመሩ።

«ስማ። ለጎርፍ ሦስት በር ታበጅለታለህ። አንዱ የሥራ በር ነው። እሱን ጠበብ ታደርገዋለህ፣ ሞልቶ እንዲሄድ። ሞልቶ የሚሄድ ውሃ አይጮህም፤ የሚጮኸው የጎደለው ነው። ሁለተኛው ከሱ በጣት ከፍ ይላል፤ በመጀመሪያው ያላለፈችው ትንሿ በሱ ትወጣለች። ሦስተኛው ከሁሉ በላይ ነው። እሱ ደረቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ቢከርም ውሃው ያበደ ቀን በሱ ይወጣል።»

«ሦስተኛውንስ ሰው ቢደፍነው?»

«ድሮ በሬ ያስቀጣ ነበር» አሉ። «ያንተ ካልሲ ስንት በሬ እንደሚያወጣ እኔ እንጃ።»

ኮሌጅ ውስጥ ስለ ፈሳሽ ግፊት ፈተና ወስጃለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቻለሁ። ያን ሁሉ ትምህርት ከአያ ይመር ጭረት ጎን ሳስቀምጠው አፈርኩ።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በያጁን ይዤ መጣሁ፤ አያ ይመርም መጡ። ደጃፌ ላይ ሲደርሱ እንደልማዳቸው ቆሙ። በያጁ ገባ፣ እኔ ገባሁ፤ እሳቸው ደፉን እያዩ ቆሙ። «ቢስሚላህ» አሉና በቀኝ እግራቸው ገቡ። ገብተው ገንዳውን አላዩም። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ይሄን ጭቃ በእግሬ ያቦካሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ገለባ አላነሰውም፤ አየህ፣ ያ ሁሉ ውሃ አልፎበት አልፈረሰም።» ጅቡቲ የቀረውን ልጃቸውን አላነሱም። እኔም አላነሳሁባቸውም፤ አንገቴን ደፍቼ ቧንቧዎቹን መደርደር ጀመርኩ።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ። የመጀመሪያዋ ቧንቧ ወገብ ላይ ሳራቺኔስካ የሚሉት መክፈቻና መዝጊያ ገባ፤ ውሃውን የሚያጠብበው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ላይ ግን አያ ይመርና በያጁ ሊደባደቡ ነበር።

«በጣት ከፍ አድርጋት አልኩህ!»

«በየትኛው ጣት አያ? በማን ጣት?»

«በኔ!»

«የርስዎ ጣት ወፍራም ነው። እኔ በራሴ ለክቻለሁ።»

«ያንተ ጣት ብረት የነካው ነው፣ አይታመንም!»

በመጨረሻ በኔ ጣት ተለካ፤ ጠመኔ ብቻ የሚይዝ እጅ ስለሆነ አድልዎ የለበትም ተባለ። የሦስቱም ቧንቧዎች ጫፍ ታችኛው በርሜል ውስጥ ከነበረው ውሃ በታች እንዲጠልቅ ተደረገ፤ ይሄ የኔ ሐሳብ ነው፣ ከሁሉም ይኼ አንዱ የኔ ነውና እባካችሁ አስታውሱልኝ።

በርሜሉ ተከፈተ። ገንዳው ሞላ። «ፊሽሽ... ጉርርር...» ማለት ሲጀምር አያ ይመር ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ለጥፈው በእጃቸው ምልክት ይሰጡኛል፤ እኔ ሳራቺኔስካውን አጠብባለሁ። ትንሽ። ሌላ ትንሽ። «ቅልጭ» አለ። አሁንም ትንሽ። እና ቆመ። ውሃው አልቆመም፤ ድምፁ ቆመ። ታችኛው በርሜል ውሃ እየጨመረ ነው፣ ላይኛው እየጎደለ ነው፣ መሀል ላይ ግን ኮሽ የሚል የለም።

«አሁን ሞላ» አሉ አያ ይመር። «አልሃምዱሊላህ።»

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ለፍተሻ መጣ። «ዝጋው!» አለ የመጀመሪያዋን እያሳየ። ዘጋሁ፤ ውሃው ትንሽ ከፍ አለና በሁለተኛዋ ወጣ። «እሷንም!» አያ ይመር ራሳቸው ያቺኑ ካልሲዬን አንስተው ወተፏት። ውሃው ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለ፤ በሦስተኛዋ ዥው ብሎ ወረደ። መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ዞሮ የሚነቅፈው ሲያጣ ሦስተኛዋን ጠቆመ።

«ይቺኛዋ ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ነች ማለት ነው?»

«ተጠባባቂ ናት ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

ቃሉን ወደደው። ሁለት ጊዜ ለራሱ ደገመውና ሄደ። በያጁም ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። አያ ይመርም ማሽላው ደርቆ ሊገባ ነው ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ፤ ክፋቱም እሱ ነው። እሑድ በሰዓታቸው ቤቴን ጠርጌ ጠበቅሁ፤ አልመጡም። የጽዳት ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ አመሸሁ። ሰኞ አልመጡም። ማክሰኞ በአጥር ላይ አየኋቸው፤ እጃቸውን አነሱ፣ እኔም አነሳሁ፤ ተመልሰን እዚያው ገባን። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድቼ፣ አንዱን ጠጥቼ፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ እሱንም እጠጣለሁ። ምን ብለው ይምጡ? ቧንቧዬ ዝም ብሏል። ማሽላቸው ደርቋል። የሚቆጡበት ነገር አንድም አላስቀረሁላቸውም።

ያን ሰሞን ክፉኛ ከፋኝ። ድሮም ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን ድሮ የምጠብቀው ሰው ስላልነበረ ሰዓቱ ዝም ብሎ ያልፋል። አሁን ከአስር ሰላት በፊት ያለችው ሰዓት ስትደርስ ጆሮዬ ይቆማል። ቧንቧውን አዳምጣለሁ፤ ምንም። ግድግዳውን አዳምጣለሁ፤ ምንም። ዓሦቹ ያዩኛል። አለቀሱልኝ አልል፣ እንባ ቢያወጡም በውሃ ውስጥ አይታይ። እኔ ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አንድ ቀን ያን ሁለተኛ ብርጭቆ ሳጥብ አልቅሻለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተነሳሁና ሳራቺኔስካውን ግማሽ ዙር ከፈትኩት።

«ፊሽሽ» አለ። «ጉርርር» አለ። ዝም አለና «ህእእፕ!» አለ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጥፋት እንደሠራ ልጅ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ብዙ አልቆየም። በሩ ተንኳኳ።

«መምህር።»

«አቤት አያ።»

ደጃፉ ላይ አልቆሙም። በቀጥታ ገብተው ወደ ገንዳው ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ በሁለት ጣታቸው ሳራቺኔስካውን ወደ ቦታው መለሱት። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ይሄ በራሱ አይዞርም» አሉ።

«ዓሦቹ ይሆናሉ» አልኩ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ነው ያልኩት።

«ዓሣ እጅ አለው?»

አያ ይመር ዞረው ጠበቁኝ፤ ዓይናቸው ላይ ቁጣ የለም።

«ሰው ናፍቆኝ ነው» አልኩ።

ከወጣልኝ በኋላ አፈርኩ። እሳቸው ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

«አብሽር» አሉ። «እኔስ መች እንቅልፍ ወሰደኝ? ሁለት ቀን አጥርህ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ጉዳዬ ምንድነው ልበል? ውሃው ዝም ብሏል። በቀደም ማሽላ ሳገባ አንዱ ጆንያ ባይደርቅ ደስ ባለኝ ነበር።»

ሁለታችንም ዓሦቹን ማየት ያዝን። ሻይ ቀዳሁ፤ ሁለቱም ብርጭቆዎች በትኩስነታቸው ተጠጡ። ሊወጡ ሲነሱ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ዞሩ።

«ሰው የናፈቀው ሰው ይጣራል እንጂ ውሃ ያስጮኻል?»

«ምን ብዬ ልጥራዎት?»

«ስም የለኝም እንዴ?» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ሰዓቱ ሲደርስ ከቤት ወጥቼ ጓሮው መሀል ቆምኩ። ቀላል ነገር ይመስላችኋል። በዚያች ከተማ በነበርኩበት ዓመት ሙሉ ጮክ ብዬ የሰው ስም የጠራሁት ከክፍል ስም መጥሪያ ላይ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሁለት ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ሲያልፉ አየሁና እስኪያልፉ ጠበቅሁ። «አያ» ብዬ ድምፄ ተሰበረ፤ አንዲት ዶሮ ቀና ብላ አየችኝ። ይሄ ሁሉ ማንን ፈርቼ ነው ብዬ በራሴ ተናደድኩ። ደረቴን ነፋሁና፣ ሠፈሩ ይስማ፣ ቀበሌው ይስማ፣ መንገድ ላይ ያለው የቀበሌ ጥበቃ ዞሮ ይይ ብዬ፣

«አያ ይመር!» አልኩ።

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ወዬ!» አሉ። «መጣሁ!»